ሜሪዲያን ሂል ፓርክን ከትንሽ ልጅ ጋር መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ለሚኖሩ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዘው ወደ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ መሄድ ለሚያስቡ ወላጆች፣ አያቶችና ሞግዚቶች ነው። ብዙዎቻችን ፓርኩን የምናውቀው በ16ኛው መንገድ ስናልፍ ከመኪና መስኮት በሚታየው ረጅም ግንብ ብቻ ነው። ከግንቡ በስተጀርባ ያለው ግን በአሜሪካ ከሚገኙ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራዎች መካከል በአሠራሩ ለየት ያለ ቦታ ነው። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓርኩ በትክክል የት ነው? እንዴትስ ይደረሳል?

ፓርኩ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ክፍል፣ በ15ኛውና በ16ኛው መንገዶች መካከል ይገኛል። በደቡብ ደብልዩ ስትሪት፣ በሰሜን ደግሞ ዩክሊድ ስትሪት ያዋስኑታል። ስፋቱ 12 ኤከር፣ ማለትም አምስት ሄክታር ገደማ ነው። ከዋይት ሐውስ ተነስቶ በ16ኛው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ለሚመጣ ሰው 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

በባቡር ለሚመጡ የዩ ስትሪት ጣቢያ ከፓርኩ የታችኛው በር በእግር ብዙም አይርቅም። ከኮሎምቢያ ሃይትስ ጣቢያ መምጣትም ይቻላል፤ መንገዱ ግን ለትንሽ እግር ረዘም ይላል። በ16ኛው መንገድ የሚመላለሱ አውቶቡሶች ከፓርኩ ጎን ያወርዳሉ። ፓርኩ የራሱ የመኪና ማቆሚያ ስለሌለው መኪና የሚቆመው መንገድ ዳር ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦታ ፍለጋ መዞር ደግሞ የልጁንም የሾፌሩንም ትዕግሥት ያሟጥጣል። መግቢያው ነጻ ነው።

ሰዎች ማልኮም ኤክስ ፓርክ የሚሉት ሌላ ቦታ ነው?

አይደለም፣ ይኸው ራሱ ነው። በመንግሥት መዝገብ ያለው ስም ሜሪዲያን ሂል ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የአካባቢው ሕዝብ፣ በተለይም የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ፣ ቦታውን በጥቁሮች መብት ታጋዩ በማልኮም ኤክስ ስም ሲጠራው ቆይቷል። መንገድ ለሚጠይቅ ሰው ሁለቱም ስሞች ይሠራሉ።

የአትክልት ስፍራ ከሆነ አበባ ሞልቶበታል ማለት ነው?

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። አበባ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ቅር ሊሰኝ ይችላል። ሜሪዲያን ሂል የተሠራው በጣሊያንና በፈረንሳይ የቆዩ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት አትክልቶች አምሳያ ነው። በእነዚህ አትክልቶች ዋናው ነገር አበባ ሳይሆን የቦታው አደረጃጀት ነው፤ ማለትም ግንቡ፣ ደረጃው፣ ውሃው፣ የተስተካከለው ቁጥቋጦና በዛፍ መሐል የሚዘረጋው ረጅም ሣር። የላይኛው ክፍል ፈረንሳዮች እንደሚያደርጉት ሜዳና ቀጥ ያለ ነው። የታችኛው ክፍል ደግሞ ኮረብታው ወደ ደቡብ የሚያዘቀዝቅበትን ቁልቁለት በመጠቀም የጣሊያኖችን የውሃ አትክልት ይከተላል። ከሁሉም የሚታወቀው በ13 ገንዳዎች ተራ በተራ እየሞላ የሚወርደው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ነው።

በእኔ አስተያየት ለትንሽ ልጅ ይህ አሠራር ከአበባ መደብ የተሻለ ነው። የአበባ መደብ ባለበት ቦታ ሁሉ ልጅ የሚሰማው «አትንካ» የሚል ቃል ነው። እዚህ ግን አብዛኛው ነገር የሚነካ፣ የሚወጣበትና የሚወረድበት ነው።

ቦታው እንዴት ፓርክ ሆነ? ታሪኩን በአጭሩ መናገር ይቻላል?

የኮረብታው ስም የመጣው በ1804 በዋይት ሐውስ በኩል የሚያልፈውን የሰሜንና ደቡብ መስመር (በእንግሊዝኛ «ሜሪዲያን») ለማመልከት እዚህ ከተተከለው ድንጋይ ነው። ቀጥሎ ዴቪድ ፖርተር የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን መሬቱን ገዝቶ በ1819 ትልቅ መኖሪያ ቤት አሠራበት፤ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስም በ1829 ሥልጣን ሲለቁ ወደዚሁ ቤት ገብተዋል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የሰሜኑ ጦር በኮረብታው ላይ ሰፍሮ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዌይላንድ የተባለው የጥቁሮች መንፈሳዊ ትምህርት ቤት እዚሁ ተሠራ፤ ታዋቂው መምህር ቡከር ቲ ዋሽንግተን በ1870ዎቹ መጨረሻ የተማሩበት ነው።

ፓርኩ እንዲሠራ ለዓመታት የወተወቱት ሜሪ ፉት ሄንደርሰን የተባሉ ባለጠጋ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ሴናተር ጆን ሄንደርሰን ባርነትን የሚሽረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለምክር ቤት ያቀረቡ ሰው ነበሩ። ባልና ሚስቱ በ1888 ከኮረብታው ማዶ ቤተ መንግሥት የመሰለ መኖሪያ አሠሩ። ወይዘሮ ሄንደርሰን አዲስ የፕሬዚዳንት መኖሪያ በኮረብታው ላይ እንዲሠራ ንድፍ እስከ ማስነደፍ ደርሰው ነበር፤ ያ አልሆነላቸውም። በ1910 ግን ምክር ቤቱ መሬቱን ለፓርክ እንዲገዛ አደረጉ። እግረ መንገዱን መነገር ያለበት፣ በቦታው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ጥቁሮች፣ ቤታቸው ፈርሶ መነሣታቸው ነው። የመጀመሪያውን ንድፍ ጆርጅ በርናፕ አወጣ፤ ሆራስ ፒስሊ ተረክቦ ከፍጻሜ አደረሰው። ሥራው ከ1912 ጀምሮ እስከ 1936 ድረስ ፈጅቷል። በ1994 ፓርኩ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ የሚነገረው ጥቂት ነው። የሄንደርሰኖች ቤተ መንግሥት በ1949 ፈርሷል፤ ቡናማ የድንጋይ አጥሩ ግን በ16ኛው መንገድ ማዶ እስከ ዛሬ ይታያል። «እዚያ ቤተ መንግሥት ነበር፤ አሁን የቀረው አጥሩ ብቻ ነው» ማለት በቂ ነው። የቀረውን ልጁ በጥያቄ ይጨርሰዋል።

ጉብኝቱን ከየት ብንጀምር ይሻላል?

ከታች፣ ከደብልዩ ስትሪት በኩል መጀመር ይሻላል። አብዛኛው ሰው ግን ከላይኛው በር ይገባል፤ ሣሩ ላይ ልጁ እስኪደክመው ይሮጣል፤ ከዚያ ፏፏቴውን ለማየት ደረጃውን ሲወርድ ልጁ ደስ ብሎት ይወርዳል፤ ለመመለስ ሲታሰብ ግን «ተሸከሙኝ» ይመጣል። አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ አዝሎ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት የጉብኝቱን ደስታ ያጠፋል።

ከታች ለሚገባ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚያገኘው ሰፊው የታችኛው አደባባይና የረጋ ውሃ ያለው ገንዳ ነው። ከዚያ ቀና ሲል 13ቱን ገንዳዎች በአንድ ዓይን ያያቸዋል፤ ንድፍ አውጪዎቹም ፏፏቴው እንዲታይ የፈለጉት ከዚህ ነው። በሁለቱ ጎን ደረጃ ስላለ ልጁ ጉልበቱ ሳይደክም፣ በየማረፊያው እየቆመ ወደ ላይ ይወጣል። ገንዳዎቹን መቁጠር ለሚወድ ልጅ ደረጃው ከባድ መስሎ አይሰማውም። ከላይኛው ሰገነት ሲደርሱ ወደ ኋላ ዞር ብለው የመጡበትን ቁልቁለትና ከዛፎቹ በላይ የከተማዋን ደቡብ ክፍል ያያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነው፤ መሮጥ፣ ኳስ መምታት፣ ምንጣፍ ዘርግቶ መክሰስ መብላት እዚያ ይደርሳል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የላይኛው ሰገነት ጠርዝ በአጥር የተከለለ ቢሆንም ከአጥሩ ማዶ ያለው ጥልቀት ትልቅ ነው። ልጅን አጥሩ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ማንሣት በዚህ ቦታ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ልጄ ግድግዳውን መዳበስ አላቆም አለ፤ ከምን ነው የተሠራው?

ልጁ ትክክለኛውን ነገር አግኝቷል። ከሩቅ ሲታይ ድንጋይ የሚመስለው የፓርኩ ግንብ፣ አጥር፣ ደረጃ፣ አግዳሚ ወንበርና የአበባ ማሰሮ ሁሉ ኮንክሪት ነው። በጣሊያን ይህን መሰል አትክልት በተጠረበ ድንጋይ ይሠራ ነበር፤ ለዚህ ፓርክ ግን ያ በጣም ውድ በመሆኑ ጆን ኧርሊ የተባለ የዋሽንግተን የእጅ ባለሙያ ሌላ መላ ፈጠረ። የወንዝ ጠጠር እየተለቀመ በመጠኑና በቀለሙ ይለያል፤ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል። ኮንክሪቱ ጨርሶ ሳይደርቅ ቅርጽ ማውጫው ይነሣና ላዩ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ይታጠባል። ሲሚንቶው ከላይ ሲለቅ ጠጠሩ ብቅ ይላል። ለዚህ ነው ግድግዳው አንድ ወጥ ግራጫ ያልሆነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ቡናማ፣ ቢጫማ፣ ነጭና ቀላ ያለ ጠጠር ጎን ለጎን ተደርድሮ ይታያል፤ ቀለም የተቀባ ነገር የለም፤ ሁሉም የድንጋዩ የራሱ መልክ ነው። ዛሬ በየሕንፃው የምናየው ጠጠሩ የሚታይ ኮንክሪት በዚህች አገር እንዲህ ባለ ስፋትና ጥራት ከተሠራባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ይህ ፓርክ ነው።

ለትንሽ ልጅ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ የለም። አንድ ትልቅ ግድግዳ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ያሳርፍና ጠጠሩ ምን ያህል እንደሚያክል ይይ። ቀጥሎ ወደ አጥሩ ትንንሽ ምሰሶዎች ሄዶ እንዲሁ ያድርግ። ጠጠሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ጋ መዳፍን ይቆረቁራል፣ ሌላው ጋ ጣት ስር ደቃቅ ሆኖ ይንሸራተታል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጠጠሮቹን እየጠቆመ ቀለማቸውን መጥራት ይበቃዋል። አምስት ዓመት የሞላው ደግሞ ወረቀት ግድግዳው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ወይም በከለር ጎን በስሱ ሲያሽ የጠጠሩ ቅርጽ በወረቀቱ ላይ ሲወጣ ያያል። ከለሩ ግን ወረቀቱን አልፎ ግድግዳውን እንዳይነካ ወረቀቱን የሚይዝለት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። የላላ ጠጠር ቢያገኝ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ መክተት ክልክል ነው፤ ዘጠና ዓመት ያለፈውን ግንብ የሚጎዳውም ይኸው ነው።

ፏፏቴው ሁልጊዜ ይፈስሳል? ልጆች ውሃው ውስጥ መግባት ይፈቀድላቸዋል?

ሁልጊዜ አይፈስስም። በክረምት ቅዝቃዜ ውሃው ይዘጋል። በሞቃቱ ወራትም ቢሆን ለጥገና የሚቆምባቸው ጊዜያት አሉ፤ አንዳንዴም የፓርኩ ክፍል በአጥር ታጥሮ ይገኛል። ልጁን «ፏፏቴ እናያለን» ብሎ ከቤት ከማስወጣት በፊት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ስለዚህ ፓርክ ያወጣውን ወቅታዊ ማስታወቂያ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህም የሚሻለው ቃል አለመግባት ነው። ውሃ ካለ ደስታ ይጨመራል፤ ከሌለ ደግሞ ባዶዎቹን ገንዳዎች መቁጠር ይቻላል፤ ውሃው ከየት ወደ የት ይወርድ እንደነበር ልጁ ራሱ እንዲያመለክት መጠየቅም አንድ ጨዋታ ነው።

ወደ ገንዳው መግባትም ሆነ እግር መንከር አይፈቀድም። የገንዳዎቹ ውሃ ፓምፕ መልሶ መላልሶ የሚያዞረው እንጂ ለመታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውሃ አይደለም። ጠርዛቸውም ሲረጥብ ያንሸራትታል። በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ያለ ልጅ በፏፏቴው አጠገብ እጁ መያዝ አለበት።

ሐውልቶቹ የማን ናቸው? ለልጅ ምን ብለን እናስረዳ?

ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ማሳየት ግን አያስፈልግም።

ልጆች ወዲያው የሚያስተውሉት በሰገነቱ ጠርዝ ላይ፣ ከፏፏቴው ራስጌ በፈረስ ላይ የተቀመጠችውን ዣን ዳርክን ነው። በቤታቸው ሥዕለ አድኅኖ የሚያዩ ልጆቻችን ፈረሱን ሲያዩ «ቅዱስ ጊዮርጊስ!» ቢሉ አይገርምም። ዣን ዳርክ በ15ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይን ጦር አስከትላ የዘመተች ወጣት ናት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1920 ቅድስት ብላታለች። ሐውልቱ ፖል ዱብዋ የቀረጸው፣ በሬምስ ከተማ የሚገኘው ሐውልት ቅጂ ነው። የፈረንሳይ ሴቶች ለአሜሪካ ሴቶች በስጦታ ሰጥተውት በጥር 1922 ተመርቋል። በዋሽንግተን በፈረስ ላይ ሆና የቆመች ሴት ሐውልት ከእሷ ሌላ የለም። ሰይፏ በ1978 ተሰርቆ እስከ 2011 ድረስ ባዶ እጇን ቆይታለች፤ ከዚያም በኋላ እንደገና ተሰርቋል። ልጆች ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ የሚያስታውሱት ይህን የሰይፍ ነገር ነው። ስለ እቴጌ ጣይቱ የተነገረው ልጅ ካለ፣ ሴት ጦር መምራቷ አያስደንቀውም፤ ወሬውን ከዚያ መቀጠል ይቻላል።

በታችኛው ክፍል መጽሐፍ ይዞ የቆመው የጣሊያኑ ባለቅኔ ዳንቴ ነው። በ1921 የጣሊያን ተወላጆች የሆኑ አሜሪካውያን የሰጡት ነው። በዚያው ክፍል፣ በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን በኩል የተቀመጡት ደግሞ 15ኛው ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካናን ናቸው፤ ሐውልታቸው በ1930 ቆመ። ገንዘቡን በኑዛዜ የተወችው አብራቸው የኖረችው የእኅታቸው ልጅ ናት። ሰውየው አገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ሲያመራት ዝም ብለው በማየታቸው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ስማቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ ግን ለትልልቆቹ የሚሆን ወሬ ነው። ልጆች የሚወዱት ሰፊውን ደረጃ ነው።

አራተኛዋ በላይኛው ክፍል ያለችው ነጭ የእብነ በረድ ሴት ናት። ሐውልቱ «እርጋታ» የሚል ስም የተሰጠው ሲሆን የስፔናዊው ቀራጺ የሆዜ ክላራ ሥራ ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ጉዳት ስለደረሰባት ፊቷና እጇ ሙሉ አይደሉም። «ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ «ሰዎች ጎዷት» የሚል እውነተኛ መልስ ቢሰጠው ከግድግዳው ጠጠር ለምን እንደማንነቅል በዚያው ይረዳል።

በሕፃን ጋሪ መዘዋወር ይቻላል?

በላይኛው ክፍል ያለ ችግር ይቻላል፤ በታችኛው አደባባይም እንዲሁ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን ደረጃ ነው። ጋሪ የያዘ ሰው ከፓርኩ ወጥቶ በ15ኛው ወይም በ16ኛው መንገድ የእግረኛ መንገድ ላይ ዳገቱን ወጥቶ በሌላኛው በር ይገባል። 16ኛው መንገድ መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ለዚህ ዙር 15ኛው ይመረጣል። ሁለት አዋቂዎች ከሆኑ አንደኛው ጋሪውን ይዞ በውጭ ቢዞርና ሌላኛው ከልጁ ጋር በደረጃው ቢወጣ፣ ከላይ ሲገናኙ ለልጁ ራሱን የቻለ ደስታ ይሆናል። ገና ያልዳኸ ሕፃን ያላት እናት ደግሞ በአንቀልባ ብታዝለው ሁሉም ነገር ይቀልላታል።

መጸዳጃና የሚበላ ነገር አለ?

በፓርኩ ውስጥ መጸዳጃ ቤት ክፍት ሆኖ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይገባም። ዳይፐር ለተወ ልጅ ከመግባት በፊት በዩ ስትሪት ወይም በ14ኛው መንገድ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ጎራ ማለት ይሻላል። የሚሸጥ ምግብም የለም። ውሃ፣ የተላጠ ፍራፍሬ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ ይዞ መሄድ በቂ ነው፤ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ቆሎና ኦቾሎኒ ስለሚያንቅ ሌላ ነገር ይያዝለት። ምሳ የሚያስፈልግ ከሆነ በዩ ስትሪትና በ9ኛው መንገድ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሩቅ አይደሉም። በ1980ዎቹ አብዛኞቹ የእኛ ምግብ ቤቶች የተከፈቱበት የአዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድም በምዕራብ በኩል ቅርብ ነው።

እሑድ ከበሮ ይመታል ይባላል፤ ለትንሽ ልጅ ይሆናል?

ይሆናል፣ ነገር ግን ርቀት ይጠበቅ። ማልኮም ኤክስ በ1965 ከተገደለ ወዲህ ከበሮ መቺዎች በፓርኩ እየተሰበሰቡ መምታት ጀመሩ፤ ልማዱም ትውልድ ተሻግሮ እስከ አሁን አለ። አየሩ ደግ በሆነባቸው ወራት እሑድ ከሰዓት በኋላ በላይኛው ክፍል የምዕራብ አፍሪካ ከበሮዎች፣ ቃጭሎችና የፈለገ ሁሉ የሚገባበት ጭፈራ ይኖራል። ማንም ሰው ልጅ ይዞ ቢቆም ቅር የሚለው የለም፤ እንዲያውም ልጆች መሐል ገብተው ሲጨፍሩ ይታያሉ። ነገር ግን ብዙ ከበሮ በአንድ ጊዜ ሲመታ ለሕፃን ጆሮ ከባድ ነው። ከክቡ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ መቀመጥና ልጁ በራሱ ፍላጎት ሲጠጋ አብሮ መጠጋት ይመረጣል። ጆሮውን በእጁ የያዘ ልጅ መመለስ አለበት።

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሚመጡ ቤተሰቦች ለልጁ ቅያሪ ልብስ ቢይዙ ደግ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ በዚያ ሣርና ጠጠር ላይ አንድ ሰዓት ነጭ ሆኖ አይቆይም። ጸጥታ የሚፈልግና ሐውልቶቹን በረጋ መንፈስ ማሳየት የሚሻ ሰው ግን በሥራ ቀን ጠዋት ቢሄድ ሌላ ፓርክ የሄደ ይመስለዋል።

ደኅንነቱስ? ድሮ መጥፎ ስም ነበረው ሲባል ሰምተናል።

እውነት ነው፤ በ1980ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድና ወንጀል የበዛበት ቦታ ነበር፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በከተማዋ የኖሩ አባቶችና እናቶች እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ቅር የሚላቸው ለዚህ ነው። በ1990 አካባቢ የሰፈሩ ነዋሪዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ተደራጅተው ፓርኩን በቡድን እየዞሩ መጠበቅ ጀመሩ፤ ወንጀሉም በእጅጉ ቀነሰ። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በምድር ቀን መጥተው እዚሁ ንግግር አድርገዋል። ዛሬ ቀን ላይ ፓርኩ ዮጋ በሚሠሩ፣ መጽሐፍ በሚያነቡ፣ ውሻ በሚያናፍሱና ልጅ በያዙ ሰዎች የተሞላ ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ይዞ መሄድ በብርሃን ጊዜ ይሁን፤ ጀንበር ስትጠልቅ መውጣት ይበጃል። ቁጥቋጦ ሥር የተጣለ ስለታም ነገር እንዳይነካ ልጁ ከጥርጊያው እንዳይርቅ መከታተል በየትኛውም የከተማ ፓርክ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ዥዋዥዌና ሸርተቴ አለው?

የለውም። ይህ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራ ስለሆነ የልጆች መጫወቻ አልተተከለበትም። ልጁ ዥዋዥዌ ካላገኘ የማይመለስ ከሆነ በአዳምስ ሞርጋን ያለው ዋልተር ፒርስ ፓርክ መጫወቻ አለው። ከጉብኝቱ በፊት ሳይሆን በኋላ መውሰድ ነው ብልኃቱ፤ ዥዋዥዌ የቀመሰ ልጅ ለሐውልት ትዕግሥት የለውም።

የትኛው ወቅትና የትኛው ሰዓት ይመረጣል?

ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ እንዲሁም መስከረምና ጥቅምት። በሐምሌና በነሐሴ የዋሽንግተን ሙቀትና ወበቅ ስለሚበረታ፣ ሊሄዱ ካሰቡም ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ። ኮንክሪቱ ከቀትር በኋላ ይግላል፤ በባዶ እግር መሄድም አይቻልም። ውሃና ጥላ ባለበት ትንኝ ስለማይጠፋ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ። በክረምት ደረጃዎቹ በረዶ ሊይዙ ስለሚችሉ በላይኛው ሜዳ ብቻ መወሰን ይሻላል። የቆይታው ጊዜ ለሁለት ዓመት ልጅ ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት ቢሆን ይበቃል።

ልጁ አበባ ቢቀጥፍ ወይም ሽኮኮ ቢመግብ ችግር አለው?

ሁለቱም ክልክል ናቸው። ፓርኩ በፌዴራል ሕግ የሚተዳደር በመሆኑ ዕፅዋትን መቅጠፍም ሆነ የዱር እንስሳትን መመገብ አይፈቀድም። የአካባቢው ሽኮኮዎች ሰው በጣም ስለለመዱ የልጅ እጅ ላይ ያለ ብስኩት ለመውሰድ እስከ እግር ሥር ይመጣሉ፤ ስለዚህ መክሰስ ሲበላ ልጁ ቢቀመጥ ይሻላል።

የልጃችንን ልደት እዚያ ማክበር እንችላለን?

ጥቂት ቤተሰቦች ሆነው ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ዳቦ ቢቆርሱ ከልካይ የለም። ብዙ ሰው የሚጠራ፣ ድንኳንና ወንበር የሚደረደርበት ወይም የድምፅ ማጉያ የሚገባበት ድግስ ከሆነ ግን ከብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ጊዜ ስለሚወስድ ሳምንታት ሲቀሩት መጠየቅ ይገባል። በከሰል ሥጋ መጥበስና የአልኮል መጠጥ ማቅረብ አይቻልም። ቡና ማፍላት ያሰበ ሰውም ከሰሉን ትቶ በቴርሞስ ይዞ ይምጣ።